ከሚዳ ክሪክ ወደ ኋላ ማቀድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ኬንያ ጠረፍ፣ ያለ ኪራይ መኪና ወፍ ለማየት

ጉዳዩ ይህ ነው፤ ሁለት ወፍ ተመልካቾች፣ መነሻቸው አዲስ አበባ፣ ዘጠኝ ቀን አላቸው፣ አንድም ቀን መኪና አይከራዩም። መድረሻቸው በኬንያ የሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ፣ ከማሊንዲ ከተማ በስተደቡብ ያለው የአራቡኮ ሶኮኬ ደንና ከጎኑ ወደ የብስ ገብቶ የተኛው የባሕር ውሃ፣ ሚዳ ክሪክ ነው። ደኑ 420 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከተረፉት የተፈጥሮ ደኖች ሳይቆራረጥ የቀረ ይህን የሚያህል ሌላ የለም። በዓለም ላይ ከኪሊፊ ግዛት ውጭ የማይገኘው የክላርክ ዊቨር እዚህ አለ፤ በጣት የሚቆጠሩ ቦታዎች ብቻ የቀሩት የሶኮኬ ስኮፕስ ጉጉትም እንዲሁ።

አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ ሲያቅድ መጀመሪያ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ባቡር፣ ቀጥሎ ማደሪያ። ወፎቹ በየትኛው ሰዓት የት እንደሚሆኑ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። በሚዳ ክሪክ ይህ አካሄድ ጉዞውን ከንቱ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም እዚያ ሰዓቱን የሚወስነው ባሕሩ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከመጨረሻው ይጀምራል፦ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ማደሪያው፣ ከዚያ ማታቱው (የኬንያ ሚኒባስ ታክሲ)፣ ከዚያ ባቡሩ፣ አውሮፕላኑ በመጨረሻ።

መጀመሪያ ውሃው

ባሕር በሌለበት አገር ለኖርን ሰዎች የባሕር ሙላትና ሽሽት በመጽሐፍ የምናውቀው ነገር ነው። በኬንያ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ እንዲሁም በቀጣዮቹ አንድ ሁለት ቀናት፣ ሙላቱ ከፍተኛ ሽሽቱም ሩቅ ይሆናል፤ በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከሦስት ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጨረቃ በግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ይጠባል።

ሚዳ ክሪክ ውሃው ሲሸሽ ሰፊ ጭቃ ይሆናል፣ ወፎቹም በጭቃው ላይ ተበትነው ሩቅ ይሄዳሉ። በጥሩ ቴሌስኮፕ እንኳ በሙቀቱ የሚንቀጠቀጡ ነጠብጣቦች ብቻ ይታያሉ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደግሞ ጭቃው ይጠፋል፤ ወፎቹ ማንግሮቭ በሚባሉት በባሕር ውሃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች መካከል ወዳሉ ማረፊያዎቻቸው ይነሣሉ። የሚፈለገው ሰዓት በሁለቱ መካከል ነው፦ ከሙላት ሦስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ቦታ መያዝ፣ ውሃው ወፎቹን እየገፋ ወደ መመልከቻው ሲያቀርባቸው መጠበቅ።

አሁን ወደ ስሌቱ። በሞምባሳ አካባቢ ሙሉ ወይም አዲስ ጨረቃ በሚሆንበት ሰሞን ከፍተኛው ሙላት ከሌሊቱ 10 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ላይ ይውላል፣ ሽሽቱ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ። ይህ ለተጓዡ ትልቅ ስጦታ ነው። ደን በንጋት ነው የሚሠራው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወፉ ዝም ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ውሃው እየሞላ ይመጣል። ንጋት ለደኑ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ ለክሪኩ፣ ሁለቱ አይጋጩም። በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን ሙላቱ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ ከንጋት እስከ ረፋድ ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ጊዜ ይጠሩሃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ባዶ ናቸው። መኪና ያለው ሰው ይህን በሩጫ ሊያካክስ ይችላል። በባጃጅ የሚሄድ አይችልም።

ስለዚህ ቀኑ የሚመረጠው በጨረቃ ነው። ወሩ ደግሞ በዝናብና በወፎቹ። በጠረፉ ረጅሙ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ሰኔ ይዘልቃል፣ አጭሩ ከጥቅምት ወዲህ ነው። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ደረቅ ነው፣ ከሰሜን የመጡት የባሕር ዳር ወፎችም ገና አልሄዱም። ይህ ምርጫ የሚያሳጣውም አለ፦ ስፖትድ ግራውንድ ትረሽ የሚባለው ወፍ ከደቡብ ወደዚህ የሚመጣው በእኛ ክረምት አካባቢ ስለሆነ በጥር አይገኝም። ሁሉንም በአንድ ጉዞ ለማየት መሞከር አያዋጣም። ለዚህ ጉዳይ የተወሰነው ሙሉ ጨረቃ በጉዞው ሦስተኛ ቀን ላይ እንዲውል ነው፤ ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው ቀን ለክሪኩ ይሆናሉ። በእነዚህ ቀናት ሙላቱ በየቀኑ ከ40 ደቂቃ ያላነሰ እየዘገየ ስለሚሄድ በአምስተኛው ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ አሁንም በቂ ብርሃን አለ።

የሙላት ሰንጠረዥ የሚፈለገው ለሞምባሳ ወደብ፣ ለኪሊንዲኒ ነው። የክሪኩ አፍ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ የሚሞላው ከውጩ ባሕር ዘግይቶ ነው። መዘግየቱን ለማወቅ በመጀመሪያው ቀን አንድ የእንጨት ምሰሶ ምረጡና ውሃው የት ሲደርስ ስንት ሰዓት እንደነበር ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ከማንኛውም ሰንጠረዥ የበለጠ የሚታመን የራሳችሁ ሰዓት ይኖራችኋል።

ሰዓትን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። ሰንጠረዡም የባቡር ትኬቱም የታተሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 16:20 ማለት በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ነው። የማታቱ ረዳት ወይም የባጃጅ ሹፌር በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ» ሲል ግን እንደ እኛው ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው፤ ስዋሂሊም ቀንን ከንጋት ይቆጥራል። በእንግሊዝኛ ሲናገር ያው ሰው «ኤይት» ይላል። ቀጠሮ ስትይዙ በአንዱ ቋንቋ ብቻ ተነጋገሩ፤ የስድስት ሰዓት ስህተት የሚገባው በመሃል ቋንቋ ሲቀየር ነው።

የብስ ወይስ አየር

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም ከዚህ ብዙ አይለይም። በኬንያ በኩል ያለው መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ ሞያሌ ላይም ከታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሁለቱ አገሮች ፍተሻ በአንድ ግቢ ይሠራል። ወፍ ለሚወድ ሰው ይህ መንገድ ያጓጓል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በያቤሎ አካባቢ የሚገኙት የኢትዮጵያ ቡሽክሮውና ዋይት-ቴይልድ ስዋሎው የሚባሉት ወፎች በመንገድ ላይ ናቸው። ነገር ግን በአውቶቡስ ለመሄድ ሦስት ቀን፣ ለመመለስ ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ከዘጠኙ የሚቀረው ሦስት ነው። የመንገዱ ደኅንነትም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ለዚህ ጉዳይ እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን ተወስኗል፣ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ያቤሎ ለራሱ የተለየ ጉዞ ይገባዋል።

በናይሮቢ ማደሪያ መሃል ከተማ አይያዝ። የባቡሩ መነሻ ስዮኪማው የሚባለው ዳርቻ ላይ ነው፣ ከአየር ማረፊያውም ብዙ አይርቅም። መሃል ከተማ ያደረ ሰው በጠዋቱ የሞምባሳ መንገድ መጨናነቅ ባቡር ሊያመልጠው ይችላል። ከማዕከላዊ ጣቢያ ወደ ስዮኪማው የሚወስድ አገናኝ ባቡር አለ፣ ነገር ግን ማታ ደርሶ ጠዋት ለሚሳፈር ሰው ስዮኪማው አጠገብ ማደር ይሻላል።

ባቡሩ

ማዳራካ ኤክስፕረስ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ናይሮቢንና ሞምባሳን ያገናኛል። በቀን የሚነሡት ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ጠዋት 2 ሰዓት (08:00) የሚነሣውና በየጣቢያው የሚቆመው፣ ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00) የሚነሣው ፈጣኑ። ማታ 4 ሰዓት የሚነሣም አለ። ፈጣኑ የተሻለ ይመስላል፤ ግን ሞምባሳ የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ወደ ማሊንዲ አቅጣጫ በጨለማ መሄድ ወይም ሞምባሳ ማደር ግድ ይሆናል። የጠዋቱ ቀርፋፋ ባቡር ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ያደርሳል፣ አራት ሰዓት ተኩል ብርሃን ይተርፋል። በተጨማሪ ሐዲዱ በምሥራቅና በምዕራብ ፃቮ ብሔራዊ ፓርኮች መካከል በከፍታ ያልፋል፤ በቀን ብርሃን በመስኮት ዝሆን ይታያል።

ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተራው መቀመጫ ዋጋ 1,500 የኬንያ ሺሊንግ፣ የአንደኛ ደረጃው 4,500 ሆኗል፤ ለሁለት ሰው በተራ ደርሶ መልስ 6,000 ሺሊንግ መሆኑ ነው። ከመሄድ በፊት ዋጋውንና ሰዓቱን እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትኬት በስልክም በኢንተርኔትም ይቆረጣል፣ ክፍያው ግን በኤም-ፔሳ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ኤም-ፔሳ የብር ቦርሳ ስለሆነ ናይሮቢ ላይ እንደሚሠራ አድርጎ ማቀድ አይገባም። ሁለት መውጫ አለ፦ ናይሮቢ ያለ ወዳጅ አስቀድሞ ይቁረጥላችሁ፣ ወይም እንደደረሳችሁ በፓስፖርት የኬንያ ሲም ካርድ አውጥታችሁ ገንዘብ አስገቡበት። ሲሙ ለባቡሩ ብቻ አይደለም፤ የደን መግቢያን ጨምሮ የመንግሥት ክፍያዎች ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ የመንግሥት አገልግሎት ድረ ገጽ በሆነው በኢ-ሲቲዝን፣ በኤም-ፔሳ የክፍያ (ፔይቢል) ቁጥር 222222 ነው የሚከፈሉት።

ስም ላይ ጥንቃቄ። የእኛ ፓስፖርት ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ይዞ ነው የሚወጣው፤ ወዳጅ በስልክ ሲቆርጥ የአያቱን ስም ይተወዋል። በሩ ላይ ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳከራል። ስሙን በቃል ከመንገር የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ መላክ ይሻላል።

ከመነሻው አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ትርፍ አይደለም። ሻንጣዎች ከውጭ መሬት ላይ በረድፍ ይቀመጡና ውሻ ያሸታቸዋል፣ ከዚያ በማሽን ያልፋሉ፣ ከዚያ ትኬት ይታያል። ለትራይፖድ ብሎን ማጥበቂያ ተብሎ የተያዘ የኪስ ቢላ እዚህ ይቀራል። የላስቲክ ከረጢትም ከአዲስ አበባ አትያዙ፤ ኬንያ ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላዋለች። ቴሌስኮፑን ከዝናብና ከአቧራ ለመጠበቅ የጨርቅ ወይም የሸራ ከረጢት ይሁን።

በመንገድ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ ባቡሩ የሚቆምባት ቮይ ከተማ። ከቮይ በማታቱ ወደ ውንዳኒ ወጥቶ የታይታ ኮረብታዎችን ደን ማየት ይቻላል፤ ንጋንጋኦ የሚባለው ደን 120 ሄክታር ገደማ ብቻ ሲሆን በመጥፋት አፋፍ ያለችው የታይታ አፓሊስ መኖሪያ ነው። ነገር ግን ለመውጣት፣ ለማየትና ለመውረድ ሁለት ሌሊት ይጠይቃል፣ የሚወሰደውም ከክሪኩ ቀናት ነው። ጨረቃ አትጠብቅም። ለአሥራ ሁለት ቀን ጉዞ ታይታ ይጨመር፣ ለዘጠኝ ቀን ይቅር።

ማታቱ

የሞምባሳ ባቡር ጣቢያ ሚሪቲኒ ነው፣ ከከተማው ውጭ። ወደ ማሊንዲ ለመሄድ ወደ ሞምባሳ ደሴት ገብቶ በኒያሊ ድልድይ በኩል ወደ ሰሜን መውጣት ያስፈልጋል። ስለ ሊኮኒ ጀልባ የሰማ ሰው ሊደናገር ይችላል፣ ጀልባው ወደ ደቡብ ለሚሄድ ነው። ባቡሩ ሲገባ በቀጥታ ወደ ማሊንዲ የሚጭኑ ሚኒባሶች ጣቢያው ላይ ካሉ እነሱን ያዙ፣ ከተማ ውስጥ መግባትን ያስቀራሉ። ከሌሉ «የማሊንዲ ስቴጅ» ብላችሁ ጠይቁ።

ማታቱ ከእኛው ሚኒባስ ታክሲ ብዙ አይለይም፦ 14 ሰው ይጭናል፣ ሲሞላ ይነሣል፣ ረዳቱ በር ላይ ይጣራል። ልዩነቱ ዕቃው ላይ ነው። የቴሌስኮፕ ትራይፖድ በመቀመጫ ሥር አይገባም፣ ጣራ ላይ ከወጣ ደግሞ የጭንቅላቱ ማስተካከያ ይሰበራል። ለሁለት ሰው ሦስት መቀመጫ መግዛት ስስት ለሌለው ሰው ትክክለኛው መፍትሔ ነው፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ ትራይፖድና ቦርሳ ይቀመጣል፣ መኪናውም ቶሎ ይሞላል። ዋጋውን ከረዳቱ ሳይሆን ከጎን ከተቀመጠው ተሳፋሪ ጠይቁ።

ርቀቱ እስከ ጌዴ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጊዜው ግን በርቀቱ አይለካም። ከሞምባሳ እስከ ምትዋፓ ያለው መጨናነቅ ብቻውን አንድ ሰዓት ሊበላ ይችላል። ሦስት ሰዓት ያዙ። መውረጃው ጌዴ መገንጠያ ነው፤ ከዚያ ማደሪያው ወዳለበት ወደ ዋታሙ ከተማ ባጃጅ፣ እዚያ ቱክቱክ ይሉታል። ማሊንዲ ድረስ ሄዶ መመለስ ስህተት ነው፣ ደኑም ክሪኩም ከማሊንዲ በፊት ናቸው። የደን ጣቢያው ከመገንጠያው ትንሽ ወደ ደቡብ በዋናው መንገድ ዳር ስለሆነ በቀጥታ እዚያ መውረድ ለሚፈልግ ረዳቱን «ኒሹኪሼ ጌዴ ፎረስት ስቴሽን» ማለት ይበቃል።

ደኑ

በአራቡኮ ሶኮኬ አፈሩን ያየ ሰው ወፉን ያውቃል። በምሥራቅ ግራጫ አሸዋ ላይ ድብልቅ ደን አለ፣ በመሃል ነጭ አሸዋ ላይ ብራኪስቴጊያ የሚባለው ዛፍ ተራርቆ ይቆማል፣ በምዕራብ ቀይ አፈር ላይ ጥቅጥቅ ያለ አጭር የሲኖሜትራ ደን አለ። የሶኮኬ ፒፒት በደኑ ወለል ላይ እየተራመደች ትታያለች። የክላርክ ዊቨርና የአማኒ ሰንበርድ ብራኪስቴጊያው አናት ላይ ናቸው፤ እነሱን ለማየት እየተዟዟሩ መፈለግ ብዙም አይጠቅም። በአንድ ቦታ ቆሞ የተለያዩ ወፎች የተቀላቀሉበት መንጋ እስኪመጣ መጠበቅ፣ ሲመጣም ሁለት ሰዎች የተለያየ አቅጣጫ ማየት። መንጋው በአምስት ደቂቃ ያልፋል፣ ሌላ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የመጀመሪያው ንጋት ለድብልቁ፣ ሁለተኛው ለብራኪስቴጊያው ይሁን።

ሦስተኛው ንጋት ለጉጉቱ ነው፤ የሕዝብ መጓጓዣ የሚያልቀውም እዚህ ነው። የሶኮኬ ስኮፕስ ጉጉት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች፣ አንዷ ግራጫ ሌላዋ ዝገት መሳይ ቀይ፣ ቀን ቀን በሲኖሜትራ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል ተጣብቃ የምትውል ወፍ ናት። ቀዩ አፈር ከዋናው መንገድ ሩቅ ነው፣ ማታቱ አይደርስበትም። መፍትሔው የደኑ አስጎብኚዎች ማኅበር አባል የሆነ ሰው ቀድሞ የምታርፍበትን እንዲፈልግ ማድረግና በሁለት ፒኪፒኪ፣ ማለትም በሞተር ሳይክል፣ መሄድ ነው። የሞተሮቹ ሹፌሮች እዚያው ይጠብቁ፣ መመለሻውም በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ይካተት። በመሃል ደን ውስጥ የመመለሻ ዋጋ መደራደር ለማንም አይመችም። ያለ አስጎብኚ አትግቡ፤ ደኑ ውስጥ ዝሆን አለ፣ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥም ከመታየቱ በፊት ነው የሚደረስበት።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ መንገድ ላይ ባጃጅ አይገኝም። ከምሽቱ ቀድሞ ሹፌር መያዝና ስልኩን መውሰድ ያስፈልጋል። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር።

ክሪኩ

ሚዳ ላይ ከአንድ በላይ የእንጨት መተላለፊያ አለ። ሹፌሩ ፈረንጅ ምሳ ወደሚበላበት እንዳይወስዳችሁ «የወፍ መመልከቻው ያለበት» በሉት። መግቢያ ለአካባቢው ሕዝብ የሚከፈል ነው፣ ገንዘቡም በአካባቢው ለሚኖሩ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ይውላል፤ ደስ ብሎ የሚከፈል ነው። መተላለፊያው ሌላ ሰው ሲራመድበት ስለሚነቃነቅ ትራይፖዱን ዝቅ አድርጉ፣ መሃለኛው ምሰሶ አይነሣ።

ክራብ ፕሎቨር ስትታይ አትምታታም፤ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ነጭና ጥቁር፣ ረጅም ግራጫ እግር፣ ለሰውነቷ የከበደ ጥቁር ምንቃር። ትሮጣለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ትወጋለች። ሸርጣኑን ይዛ እግሮቹን አንድ በአንድ እያራገፈች ከጣለች በኋላ አካሉን ትውጣለች። ይህች ወፍ የምትራባው በተለይ በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነው፤ በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍራ አንድ ነጭ እንቁላል ትጥላለች፣ የአሸዋው ሙቀትም በማሞቁ ያግዛታል። ከእሷ ጋር ቴሬክ ሳንድፓይፐርና ሁለቱ ሳንድ ፕሎቨሮች ይመጣሉ። ሁለቱን ፕሎቨሮች ለመለየት ሩቅ ሳሉ አትድከሙ፤ ውሃው ሲያቀርባቸው የምንቃር ርዝመትና የእግር ቀለም በግልጽ ይታያል።

ስድስተኛው ቀን ከማሊንዲ በስተሰሜን ለሳባኪ ወንዝ አፍ ነው፣ ማታቱ ድልድዩ ላይ ያወርዳል፣ ከዚያ በእግር። ሰባተኛው ባዶ ይተው፤ ጉጉቷ ካልተገኘች ወይም ሆድ ካመመ የሚውል ቀን ነው።

መመለሻና ወረቀት

ማታቱ፣ ባቡርና አውሮፕላን በአንድ ቀን አይደረደሩ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት 2 ሰዓት ከዋታሙ መነሣት፣ ሚሪቲኒ ላይ የ9 ሰዓቱን ፈጣን ባቡር መያዝ፣ ስዮኪማው ማደር፣ በዘጠነኛው መብረር። በመሃል ያሉት ሰዓታት የምትዋፓ ናቸው።

ኢትዮጵያውያን ለአጭር ጉብኝት ወደ ኬንያ ቪዛ አያስፈልጋቸውም፤ የመግቢያ ፈቃድ አሠራሩ ግን በቅርብ ዓመታት ስለተለዋወጠ ከበረራው በፊት ይጣራ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱም ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ጠረፉ የወባ አገር ነው፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ የሚወርድ ሰው ሐኪም አማክሮ መከላከያ መድኃኒት ይዞ ይሂድ።

ቢኖኩላር ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ጉምሩክ የሚጠይቅበት ዕቃ ነው። ስለዚህ ሲወጡ ቦሌ ላይ ቢኖኩላሩንና ቴሌስኮፑን ከነመለያ ቁጥራቸው አስመዝግቡና ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ለዚህም ከተለመደው አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ወረቀቱ በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር በእጅ ቦርሳ ይሁን። የሚጠየቀው ሲመለሱ ነው።